ቀሪውስ?

ታብሌቱ አንድ ነው፣ ልጆቹ ዐሥራ ሰባት፤
ጥጉ ተሰንጥቋል፣
ባትሪው ሠላሳ በመቶ ይላል፣ ካላጭበረበረን።
መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤
ቡሬ ላይ መብራት ሲሄድ ተሰናብቶ አያውቅም።

«ፊልም እንሥራ» አሉኝ።
«ፊልም ረጅም ነው፣ ባትሪው አይበቃም» አልኋቸው።
«እንግዲያው ቅምሻውን!» አለ እንዳላማው፣
ወጡ ሳይጣድ ቅምሻ የሚጨለፍ ይመስል።

አንድ ደቂቃ ብቻ። ለፊት ሁለት ሰከንድ፣
ለሩጫ ሦስት፣ ለበር መከፈት አንድ፤
ለእንባ ቦታ የለም።
«እንባ ይረዝማል» አለ ዳይሬክተሩ፤
ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከየት እንዳወቀው እንጃ።

ታሪኩ የደወላችን መሰረቅ ነው።
ደወል ስል፣ ቸርኬ፤
ከአሮጌ ኢሱዙ ወልቆ፣ ከጎማው ተፋትቶ፣
ከዋንዛው ቅርንጫፍ በሽቦ ተንጠልጥሎ
በብረት ሲመቱት ግማሽ ቀበሌ የሚያስነሣ።

ሌባው ልየው ነው፤ የሰው እርሳስ አንሥቶ አያውቅም።
የአባቱን ካፖርት ለብሶ ብቅ ሲል ግን
አንደኛ ክፍሎች እውነት መስሏቸው ጮኹ፣
እሱም ደንግጦ አብሯቸው ጮኸ።
«ቁረጥ!» አለ እንዳላማው፣
«ሌባ አይጮህም፤ ይጮህበታል እንጂ።»

እሳት አማረን። ያለ እሳት ፊልም አይሆንም ተባለ።
የወይዘሮ ዘመናይ በርበሬ ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤
ታብሌቱን መሬት አስጠግተን፣ በካርቶን እያራገብን
ቀዩን በቀይ ላይ ብናላውሰው፣
ነደደ!
ምንም ሳይቃጠል ነደደ።
ሌባው አነጠሰ፣ አሳዳጁ አነጠሰ፣
እኔ መምህሩ አነጠስሁ፤
ወይዘሮ ዘመናይ መጥረጊያዋን አንሥታ መጣች፣
ሳታውቀው ለሁለት ሰከንድ ገባች፤
እውነቱን ለመናገር፣ ከሁላችን እሷ በለጠች።

ደዋይዋ ባንቻየሁ ናት።
በማለዳ መጥታ ብረቱን ታነሣለች፣ ቀና ትላለች፣
ቸርኬው የለም።
በቃ፣ ይኸው ነው።
ብረቱ አየር ላይ እንደተሰቀለ፣
አፏ ጥቂት እንደተከፈተ፣
ድምፅ በሚጠበቅበት ቦታ ዝም።
«ድገሚው» አላት።
«አልደግምም» አለች፣ «አሁንማ እንደሌለ ዐውቄያለሁ።»

የመጨረሻውን ቃል ማን ይበል?
እጁን ያወጣ ጥሩዓለም ብቻ፤
ጥሩዓለም ደግሞ ይንተባተባል።
አራት በመቶ ቀርቶናል።
«በ… በ… በቅ… በቅርብ ቀን።»
ማንም አልሣቀ።
«እንዲህ ነው የሚባለው» አለ እንዳላማው፣ «ሰው ይጠብቅ።»

ዘበኛችን ጋሸ ቢተው
ታብሌቱን እስከ አፉ እንደሞላ ብርጭቆ
በሁለት እጁ ተቀብሎ አየ።
አልቆም አልመለሰው፤
በጠቆረው መስታወት የገዛ ፊቱን እያየ ጠበቀ።
«ቀሪውስ?»
«ጋሸ፣ ይኸው ነው፤ ቅምሻ ነው።»
«እሺ፣ ቀመስሁ። ሌባው ተያዘ? ቀሪውስ?»

ያ ጥር ነበር።
ከፋሲካ ወዲህ ባንቻየሁ አልመጣችም።
አንዱ ቻግኒ አባቷ ሱቅ ከፈተ ይላል፣
አንዱ ባሕር ዳር፣ ሰው ቤት ይላል፣
እንዲህ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።
ስም መጥሪያው ላይ በስሟ ትይዩ
በየማለዳው «ቀ» እጽፋለሁ፣
«ቀ»፣ «ቀ»፣ «ቀ»፣
እስክሪብቶዬ ቀይ ነው፣ እንደዚያ እሳት።
ታብሌቱን ስከፍተው ግን አለች፤
ብረቷን አንሥታ፣ ሁለት ሰከንድ ሙሉ።

ጋሸ ቢተው በር ላይ አላሳልፍ ይለኛል።
«መምህር፣ ቀሪውስ?»
ፊልሙን ነው። ዐውቃለሁ፣ ፊልሙን ነው።
ስም መጥሪያውን ደረቴ ላይ አጥብቄ
«በ… በቅርብ ቀን» እላለሁ፣
ከጥሩዓለም የተማርሁትን።

ከኋላችን ቸርኬው ይጮሃል፤
ልየው ነው፣ ሌባው፣
የመደወል ተራው ደርሶት።